ከግድግዳው ውጪ በሽታ የለም

ይመር ሞተ ተብሎ ሲደወልልኝ ቁርስ ላይ ነበርኩ። የደወለችው ሐያት ናት፤ ካርድ ክፍል አብራኝ የምትሠራ ልጅ። "ሰይዶ፣ ጋሽ ይመር እኮ ዐረፉ! ልባቸውን አሟቸው ደሴ ሲወስዷቸው መንገድ ላይ..." አለችና ሳግ ቀደማት። "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አልኩ፤ ለማንም ሙስሊም የሚባል ነውና። ከዚያ ስልኩን አስቀምጬ ፍርፍሬን ጥርግ አድርጌ በላሁ። ባለቤቴ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ "ምነው፣ ደህና አይደለህም?" አለችኝ። "ደህና ነኝ፣ አለቃዬ ሞቶ ነው" አልኳት።

ክፉ ነህ በሉኝ። ሰው ሲሞት ያጠፋውን ረስቶ ደግ ደጉን ማውራት ያምራል፣ አውቃለሁ። እኔም ለሌላው ሰው አደርገዋለሁ። ለይመር ግን አልሆነልኝም። በሕይወት እያለ አንቱ እለው ነበር፤ በዕድሜ ይበልጠኛል፣ ኃላፊዬ ነው፣ ደግሞ ከሚሴ ውስጥ ትልቅ ሰው አንተ ሲባል ሰሚውም ያፍራል። አሁን አንቱ ልበለው ብል አፌ እምቢ አለኝ። ስለዚህ እሱ እያልኩ ነው የማወራው፤ የማይመቸው ካለ እዚህ ላይ ያቁም።

የምንሠራበትን ሆስፒታል ስም አልጠራም። ሥራችን ግን እንዲህ ነው። ሐኪሙ በሽታውን በራሱ የእጅ ጽሑፍ ካርዱ ላይ ይጽፋል። እኛ አንብበን ኮድ እንሰጠዋለን። ኮድ ማለት አንድ ፊደልና ጥቂት ቁጥር ነው፤ በኤስ የሚጀምሩት የአደጋና የቁስል ናቸው፣ በኦ የሚጀምሩት የእርግዝናና የወሊድ። ኮዱ ኮምፒዩተር ውስጥ ይገባል፣ ወር ሲያልቅ ሪፖርት ሆኖ ወደ በላይ ይሄዳል። በሽተኛው የሐኪም ወረቀት ይሰጠኝ ካለ ደግሞ ኮምፒዩተሩ የኮዱን ስም አውጥቶ ያትማል፣ ተረኛ ሐኪም ከሥሩ ይፈርማል፣ ይመር ማህተም ያሳርፋል። ከተቆለለ ወረቀት መሃል የቱ ሐኪም አንብቦ ይፈርማል! እናም ሐኪሙ በእጁ የጻፈው ካርድ ውስጥ ተዘግቶ ይቀራል። ሰው እጅ ላይ የሚደርሰው እኛ የሰጠነው ስም ነው።

ይመር ይህን ሥራ በአንዲት ገጽ ጨርሶት ነበር። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙትን በሽታዎች ከነኮዳቸው አስተይቦ፣ በላስቲክ ሸፍኖ፣ ከጠረጴዛው በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፏል። ወባ፣ ተቅማጥ፣ የሳንባ ምች፣ የጨጓራ፣ ውርጃ፣ የውሻ ንክሻ፣ እንዲህ እያለ ይወርዳል። ከዚያ ዝርዝር ውጪ ኮድ የሰጠ ሰው ቀኑ ጨለመበት ማለት ነው። "ከግድግዳው ውጪ በሽታ የለም" ይል ነበር። ይህን ሲል መፋቂያውን ከአፉ ያወጣል፣ ጫፏን ያያታል፣ የተበተነውን ጭራሮ እንትፍ ብሎ መልሶ ይጎርሳታል። ያን ጊዜ ነገሩ አልቋል፤ ከዚያ በኋላ ብትጮህም ጆሮ ዳባ ልበስ ነው።

ምክንያቱ ስንፍና ብቻ አልነበረም። ብርቅ ኮድ ሪፖርት ላይ ሲወጣ ከበላይ ይደውላሉ፤ ይህ ምንድነው፣ ካርዱን አምጡ፣ አስረዱ ይባላል። ይመር ደግሞ መጠየቅን እንደ ሞት ይፈራ ነበር። የእሱ ሪፖርት ንጹህ ነው ይባልለታል፤ ለንጽህናው የተሰጠው የምስክር ወረቀት በመስታወት ተደርጎ እዚያው ዝርዝሩ ጎን ተሰቅሏል። ንጹህ! ከባቲ ገበያ ግመል መንጋጋውን በርግጫ የሰበረው አንድ አፋር መጥቶ ነበር። "ግመል ዝርዝሩ ላይ አለ?" አለኝ ይመር። የለም። ሰውዬውን የጥርስ ሕመም አደረገው። ጅብ የነከሳት ሴት መጣች፤ የውሻ ንክሻ ሆነች። ጋሽ ይመር፣ ጅብ ነው እኮ ብዬ ብነግረው፣ "ጅብ ማለት ምንድነው? ጉልበት ያለው ውሻ ነው" አለኝ። ሐያት በሳቅ ወደቀች። እኔም ስቄያለሁ፣ አልዋሽም፤ ማን ይጎዳል ብለን ነው።

ስለ ማራገቢያዋም ልናገር፤ ካልተናገርኩ ሆዴ አያርፍም። የከሚሴን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከቀትር በኋላ ካርድ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ቅጣት ነው። ለክፍሉ የተሰጠች አንዲት የቆመች ማራገቢያ ነበረች፣ ግራና ቀኝ እየዞረች ለሁሉም የምታዳርስ። ይመር ፊቷን ወደ ራሱ አዙሮ አንገቷን በሽቦ አሰራት። እኛ ከወዲህ ላባችንን በካርድ ሽፋን እናራግባለን፣ እሱ ከወዲያ የሸሚዙ ኮሌታ ይውለበለባል። አንድ ቀን ሐያት እርጉዝ ሆና ራሷን ስታ ልትወድቅ ደረሰች። ተነስቶ ውሃ አመጣላት፣ "አብሽሪ፣ አብሽሪ የኔ ልጅ" እያለ ራሷን ደገፈላት፣ በባጃጅ ቤቷ ድረስ ሸኛት። ሽቦውን ግን አልፈታም።

ይመር ማለት ይህ ነው። ሰዉ ይወደው ነበር፣ አንጀቴን የሚያሳርረውም ይኸው ነው። ረመዳን ሲገባ ቴምር በካርቶን አምጥቶ ከዘበኛው እስከ ዳይሬክተሩ ያድላል። ካርዷ የጠፋባት አሮጊት ስትመጣ ተነስቶ እጇን ይስማል፣ የልጅ ልጆቿን በስም እየጠራ ይጠይቃታል፣ ካርዷንም ፈልጎ ያመጣላታል። ከሚሴ ገበያ መሃል ሲያልፍ ሰላምታው አያልቅም፤ "ይመሮ፣ አካም ጅርታ!" ይሉታል በኦሮምኛ፣ እሱም ቆሞ እየሳቀ ይመልሳል። ይህን ሁሉ ያየ ሰው ምን ቢነግሩት ይሰማል? እኔንም የሰማኝ አልነበረም።

አሁን ወደ ዚነት ልምጣ። ዚነት የሰንበቴ ከተማ ልጅ ናት፤ ኒካዋ ሊታሰር የተቃረበች፣ ከባቲ ቤተሰብ የታጨች። በገበያው ቀን ለአባቷ ምሳ ይዛ ከብት ተራ ሄደች። ነጋዴዎች በሬ አይሱዙ ላይ ሲጭኑ አንዱ ገመዱን በጥሶ ዘለለ። ሰው ሁሉ ሸሸ፣ እሷ ከአጥሩና ከመኪናው መሃል ቀረች። ቀንዱ ብሽሽቷ ላይ ገባ። ከላይ ሲያዩት ቁስሉ ትንሽ ነው አሉ፤ ውስጡ ግን ሌላ ነው። ዳሌ ውስጥ በግራና በቀኝ ወደ እግር የሚወርዱና ከእግር የሚመለሱ ወፋፍራም የደም ሥሮች አሉ፤ የእሷ የግራው ደም መላሽ ሥር ተቀዶ ነበር። በሚኒባስ ከሰንበቴ ከሚሴ ሲያደርሷት ቀሚሷም፣ ነጠላዋም፣ ወንበሩም ደም ብቻ ሆኗል።

ድንገተኛ ክፍል መጀመሪያ ያያት ባለሙያ በጥድፊያ ካርዱ አናት ላይ እንዲህ ጻፈ፦ ወጣት ሴት፣ ከበታች ብዙ ደም ይፈሳታል፣ ውርጃ ይሆን? ይጣራ። በዚህ አልፈርድበትም፤ በዚያ ትርምስ ሁሉንም መጠርጠር ሥራው ነው። ወዲያው ተጣራ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ቀዶ ሐኪሙ ቁልጭ አድርጎ ጽፏል፦ በበሬ ቀንድ የተወጋች፣ ብሽሽቷ ላይ የመውጊያ ቁስል ያለባት፣ እርግዝና የሌላት፣ የግራ ዳሌ ደም መላሽ ሥር የተቀደደባት። ሥሩን አስሮ፣ ደም ሰጥቶ፣ በአምቡላንስ ደሴ ላካት። ነፍሷን ያተረፈው እሱ ነው።

ካርዱ እኔ ጋ መጣ። ለዳሌ የደም ሥር ጉዳት የራሱ ኮድ አለው፣ ኤስ ሰላሳ አምስት ነጥብ አምስት። ሰጠሁት። በነጋታው ስከፍተው በኦ በሚጀምረው ተቀይሯል። ይመር በራሱ የይለፍ ቃል ገብቶ ነው የቀየረው።

"ጋሽ ይመር፣ ይህች ልጅ እኮ በሬ ነው የወጋት።"

"ዝርዝሩ ላይ አለ?"

"የለም፣ ግን መጽሐፉ ላይ አለ።"

"መጽሐፉን የጻፈው ሰው ከሚሴ መጥቶ መልስ አይሰጥልኝም። ካርዱ አናት ላይ ምን ይላል?"

"ይጣራ ነው የሚለው! ተጣርቶ ደግሞ አይደለም ተብሏል። ገጹን ይግለጡት።"

"ካርድ የሚነበበው ከላይ ነው" አለና እንትፍ አላት ጭራሮዋን።

ወደ ዳይሬክተሩ ሄድኩ። አዲስ መጥቶ ስለነበር ከሰው ጋር መጣላት አልፈለገም መሰለኝ፣ "ከክፍል ኃላፊህ ጋር ተነጋገሩበት" ብሎ መለሰኝ። እኔ ከዚህ ወዲያ የማደርገው አልታየኝም፤ ኮዱ በወሩ ሪፖርት ውስጥ ገብቶ ሄደ።

ሰንበቴ ላይ አንድ ወግ አለ። ገበያ ላይ የሰው ከብት ሰው ከጎዳ፣ የከብቱ ባለቤትና የተጎጂው ቤተሰብ ሽማግሌ ፊት ይቀርባሉ። ፖሊስ ጋ ከመሄዳቸው በፊት እዚያው ከብት ተራው ጥግ ተቀምጠው፣ ሰው ከቦ እያዳመጠ ይነጋገራሉ። ሽማግሌዎቹ የሐኪም ወረቀት ይጠይቃሉ፤ ወረቀቱ ደግሞ ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ ማንም በኋላ አልሰማሁም እንዳይል። የዚነት አባት ሁሴን ይህን ወረቀት ሊወስድ ከሚሴ የመጣ ዕለት እኔ ረፍት ነበርኩ። ይመር አተመለት፣ ማህተሙን አሳረፈ፣ በፖስታ አሽጎ በሁለት እጁ ሰጠው። ሁሴን አማርኛ ይናገራል እንጂ ማንበብ አይችልም። "አላህ ይስጥልኝ" ብሎ ትከሻውን ስሞ ሄደ።

በቀጣዩ የገበያ ቀን ሽማግሌዎቹ ፖስታውን ለአንድ የትምህርት ቤት መምህር ሰጡት። መምህሩ ከፍቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ ጀመረ። የልጅቷን ስም አነበበ፣ ዕድሜዋን አነበበ። ከዚያ በሽታዋን፦ በውርጃ ምክንያት የመጣ ደም መፍሰስ።

ይህን የነገረኝ ሁሴን ራሱ ነው፤ በማግስቱ መስኮታችን ላይ ቆሞ። ረጅም ሰው ነው፣ ጎንበስ ብሎ ነው በመስኮቷ የሚያየኝ። "ኢልማኮ፣ ልጄ" አለኝ፣ "ይህን ወረቀት እስቲ አንተም አንብብልኝ። ምናልባት መምህሩ ተሳስቶ ይሆናል።" አነበብኩለት። ቃል በቃል መምህሩ እንዳነበበው ነው። ወረቀቱን መልሶ ኪሱ ከተተው። የበሬው ባለቤት "እንግዲህ በሬዬ ምን አደረገ?" ብሎ ተነስቶ እንደሄደ፣ ሰዉ ዓይን ለዓይን ሳይተያይ እንደተበተነ፣ ከባቲ የመጡት የእጮኛዋ ወገኖች እዚያው ከገበያው ሳይወጡ "እኛ ቀርተናል" እንዳሉት ነገረኝ። ልጅቷ ያኔ ደሴ አልጋ ላይ ነበረች፤ ስሟ ሰንበቴ ላይ ሲዋረድ እሷ ጉሉኮስ ተሰክቶላት ተኝታለች። ደሜ ፈላ። ሁሴንን እጁን ይዤ ቀጥታ ይመር ጠረጴዛ ፊት አቆምኩት።

ካርዱን አውጥቼ ሁለተኛውን ገጽ ገልጬ ከፊቱ ዘረጋሁ። አነበበው። በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ እስከ መጨረሻው መስመር ነው ያነበበው። ከዚያ ካርዱን ቀስ ብሎ አጠፈው።

"ሪፖርቱ ሄዷል" አለ።

"ሪፖርትህን ማን ጠየቀህ?" አለ ሁሴን። "የልጄን ስም ነው የምጠይቅህ።"

"አባቴ፣ ይገባኛል። እኔም ሴት ልጅ አለችኝ። ግን የሄደ ሪፖርት አይመለስም። ኮዱን ብነካው እስከ ዛሬ የሄደው ሁሉ ይመረመራል።"

"ይመርመራ! አንዲት ወረቀት ብቻ ጻፍልኝ። ተሳስተናል በል። እዚያው ገበያው ላይ አስነብበዋለሁ።"

ይመር መፋቂያውን አወጣ፣ አየው፣ አልተፋም። "ተሳስቻለሁ ብዬ በእጄ ጽፌ፣ በማህተሜ አልሰጥም" አለ። ለስለስ ባለ ድምፅ ነው የተናገረው፣ የሐዘን ቤት ሰው የሚያጽናና እስኪመስል። "ደሴ ካከሟት ደሴ ይጻፉላት።"

ደሴ ጻፉላት። ሁሴን ያንን ወረቀት ይዞ ለሽማግሌዎቹ አቀረበ። ሽማግሌዎቹ ሁለት ማህተም ያለው ሁለት ወረቀት አይተው ግራ ገባቸው፤ "መጀመሪያ ያያት ከሚሴ ነው፤ ከሚሴ ቃሉን ያንሳ፣ ያኔ እናስነብበዋለን" አሉ። ስለዚህ ሁሴን ይመላለስ ጀመር። ከሰንበቴ በጠዋቱ ሚኒባስ ይመጣል፣ ከክፍላችን ፊት ያለችው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፣ ሥራ ስንዘጋ ይሄዳል። ይመር ምን ያደርግ ነበር መሰላችሁ? ሻይ ይልክለታል! "ለእኚያ አባት ሻይ በሉልኝ፣ ስኳር ጨምሩበት" ይላል። እኔ ይህን ሳይ ጠረጴዛውን በላዩ ልገለብጠው ምንም አልቀረኝ። ሁሴን ግን ሻዩን አንድ ቀን እንኳ አልነካውም። ብርጭቆው አጠገቡ ቀዝቅዞ፣ ዝንብ ወሮት ይውላል።

አንድ ቀን አልቻልኩም። ሰው በተሞላበት ክፍል፣ "ጋሽ ይመር፣ አላህን አይፈሩም? አንብበውታል እኮ! ያውቁታል!" ብዬ ጮህኩበት። ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ "አንተ ሐኪም ነህ?" አለኝ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ከኮምፒዩተሩ አንስቶ መደርደሪያ ክፍል አስገባኝ፤ ካርድ ማውጣትና መመለስ። የይለፍ ቃሌም ተዘጋ። ሰላምታውን ግን አልነፈገኝም፤ በየጠዋቱ ብቅ ብሎ "ሰይዶ፣ እንዴት አደርክ፣ ልጆች ደህና ናቸው?" ይለኛል። ይህን ሰላምታውን ከስድብ በላይ ጠላሁት። በኋላ ላይ ሁሴንም መምጣቱን ተወ።

ዚነትን ያየኋት ከዚህ በኋላ ነው፤ ለአረፋ በግ ልገዛ ሰንበቴ ወርጄ። ሻሽና ሂጃብ የምትሸጥባት ትንሽ ሱቅ ከፍታለች። ግራ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ ተቀምጣለች፤ ያ ሥር ከታሰረ ወዲህ እግሯ ቀኑን ከቆመችበት ያብጣል። ከየት እንደመጣሁ ስነግራት ፊቷ ጠቆረ፣ ሰይድ መሆኔን ስትሰማ ግን ሌላ በርጩማ ስባ አስቀመጠችኝ።

"አባዬ ነግሮኛል" አለችኝ። "አንተ እውነቱን ታውቃለህ።"

"ሰዉም ቢሆን ያውቃል እኮ። በሬው ሲወጋሽ ያየ ስንት ሰው አለ?"

"አይተዋል" አለች። "ሴቶቹ ለብቻዬ ሲያገኙኝ 'እኛ እናውቃለን፣ አብሽሪ' ይሉኛል። ወላሂ፣ ሁሉም በጆሮዬ ነው የሚሉኝ። የተነበበብኝ ግን በጆሮ አልነበረም። ጮክ ተብሎ ነው የተነበበብኝ። ጮክ ብሎ የሚመልስልኝ አጣሁ። እኔ ባል አልፈልግም፣ ባሉ ይቅር። ጮክ ብሎ የሚናገር አንድ ሰው ነው የፈለግኩት።"

ለባለቤቴ ብዬ አንድ ሂጃብ ገዛሁና ተነሳሁ። ወደ ከሚሴ ስመለስ መንገዱን ሁሉ ይመርን በሆዴ ስሰድበው መጣሁ።

እንግዲህ ይመር እንዲህ እያለ ኖሮ ሞተ። ቀብሩ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ነው ተባለ። ሄድኩ፤ አለመሄድ አይቻልም፣ የሥራ ባልደረባ ነው፣ ሙስሊም ነው። ሰዉ አይጣል ነው! ባጃጆች ሥራ አቁመው ነበር። የዘበኛው ልጅ ሳይቀር ያለቅሳል። ጀናዛው፣ አስከሬኑ ማለት ነው፣ ከፊታችን ተቀምጦ ተሰለፍን። ከመስገዳችን በፊት ሽማግሌው ኢማም ወደ ሰዉ ዞሮ እንደ ወጉ ጠየቀ፦ "ያ ጀማዓ፣ ይህ ወንድማችን ከእንግዲህ መልስ አይሰጥም። ያበደረው ካለ ቤተሰቡን ይጠይቅ። ሐቁን የነካበት፣ የበደለው ካለ ለአላህ ብሎ አውፍ ይበለው፣ ይቅር ይበለው። አውፍ ትሉታላችሁ?"

"አውፍ ብለናል!" አለ ሰዉ ባንድ ድምፅ። የእኔ ከንፈር አልተላቀቀም።

ከኋላ ረድፍ ላይ አንድ ሰው እጁን አነሳ። ዞር ብዬ ሳይ ሁሴን ነው። በሚኒባስ መጥቶ ኖሯል፣ ጫማው አቧራ ለብሷል። "እኔ ሐቅ የለኝም" አለ። "የደከምኩትን ድካም አውፍ ብዬዋለሁ። ግን ሐቅ ያላት ልጄ ናት። የሷን እኔ አውፍ ልልለት አልችልም። እሷን ጠይቋት።"

ማጉረምረም ተነሳ። የይመር ወንድም፣ "ያ ጀማዓ፣ ሬሳ ፊት ነገር አይነሳም! ሟች ይከበር!" ብሎ ጮኸ። ኢማሙ እጁን ዘርግቶ ዝም አሰኘው። "ሐቅ ከሆነ አሁን ነው የሚነሳው። ኋላ ለእሱም ይከብደዋል። ልጅቷ የት ናት?" አለ። ሁሴን ስልኩን ከኪሱ አወጣ፣ ጣቱ አልታዘዝ አለው። ሄጄ ተቀብዬ ደወልኩላት፣ ድምፁን ሰዉ እንዲሰማው ከፍ አደረግኩት። ይመር እዚያው ነጭ ለብሶ ተጋድሟል።

ኢማሙ፣ "ዚነት፣ ልጄ፣ ይመር የሚባለው የከሚሴው ሰው ሞቷል። ልንቀብረው ነው። አውፍ ትይዋለሽ?" አላት።

ከስልኩ ውስጥ የሰንበቴ ገበያ ጫጫታ ይሰማል።

"ሰው ብዙ ነው እዚያ?" አለች።

"ብዙ ነው።"

"እንግዲያው ምን እንደተጻፈብኝና ምን እንደነበረብኝ መጀመሪያ ይነገራቸው። በሰው ፊት ነው የተነበበብኝ፣ በሰው ፊት ይነገርልኝ። ከዚያ መልሴን እሰጣለሁ።"

ኢማሙ ሰዉን ቃኘ። "ይህን የሚያውቅ ማነው?" አለ። ሐያት ከሴቶቹ ጋር ለቅሶ ቤት ቀርታለች፤ ዳይሬክተሩ መሬት መሬቱን ያያል። "እኔ አውቃለሁ" አልኩ። ስናገር ድምፄ ራሴን እስኪገርመኝ ድረስ ወጣ።

"ዚነት ሁሴን ሰንበቴ ከብት ተራ በሬ ወግቷት ነው የመጣችው። ቀንዱ ብሽሽቷ ላይ ገብቶ ዳሌዋ ውስጥ ያለውን የደም ሥር ቀደደው። ደሙ የዚያ ደም ነው። እርጉዝ አልነበረችም፤ ተመርምራለች። ያስወረደችው ነገር የለም። ሐኪሙ ይህን ጽፎታል፣ እኔ በዓይኔ አንብቤዋለሁ። ወረቀቷ ላይ ውርጃ ብሎ ያስወጣው ይመር ነው። ስህተት መሆኑን ፊቴ አንብቦ አውቆ፣ አላስተካክልም ያለውም ይመር ነው። የምናገረው ሐቅ ነው፣ ወላሂ!"

ወንድሙ ሊያንቀኝ መጣ፣ ሰዎች ያዙት። ኢማሙ ወደ ሰዉ ዞረ። ከዚያ፣ "ሰማችሁ?" አለ።

"ሰማን" አሉ ጥቂቶች።

"አልሰማኋችሁም! ልጅቷ ትስማችሁ። ሰማችሁ ወይ?"

"ሰማን!" አለ ሰዉ ሁሉ።

ስልኩን ወደ አፌ አስጠግቼ፣ "ዚነት፣ ሰማሽ?" አልኳት። እያለቀሰች ነበር፤ ትንፋሿ ይቆራረጣል። ሁሴን ፊቱን በጋቢው ሸፍኗል።

"ሰማሁ" አለች። "አውፍ ብዬዋለሁ። አላህ ይማረው። ቅበሩት።"

ሰገድን፣ ተሸክመን ወሰድነው። ጉድጓዱ ላይ ተራዬ ሲደርስ አካፋ ተቀብዬ እንደ ሰዉ አፈር መለስኩ፤ ለማንም ሙስሊም የሚደረግ ነውና። ሲበቃኝ አካፋውን ለሌላ ሰጥቼ ሁሴንን ወደ ሰንበቴ ሚኒባስ ላሳፍረው ይዤው ወጣሁ። መንገድ ላይ፣ "አንተስ ኢልማኮ፣ አውፍ አልከው?" አለኝ።

"አላልኩትም" አልኩት።